ይሉኝታና እምነት፦ ስለ ዊካ ክበብ ሥርዓትና ስለ እኛ አቋም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የማነሣው ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችንን ሊገጥማቸው የሚችል ጉዳይ ነው። አብሯቸው የሚማር ወይም የሚሠራ አንድ ደግ ሰው፥ «እኔ የዊካ እምነት ተከታይ ነኝ፤ ቅዳሜ ማታ ክበብ አለንና ና» ይላቸዋል። ሰውየው ሲታመሙ የጠየቃቸው፥ ቤት ሲቀይሩ ዕቃ የተሸከመላቸው ወዳጅ ነው። እንግዲህ ምን ይመልሱ?

አንዳንዱ «ለካ ጠንቋይ ነህ!» ብሎ ይሸሻል፤ ወሬውንም ለሌላው ያዳርሳል። አንዳንዱ ደግሞ ወዳጁን ላለማስቀየም ሲል ይሄድና የሚሉትን እያለ፥ የሚጠጡትን እየጠጣ ያመሻል። የመጀመሪያው ፍቅርን ይጥላል፤ ሁለተኛው እምነትን ይጥላል። ከሁለቱ የተሻለ መንገድ መኖሩን ለማየት አስቀድመን ነገሩን እንደ ሆነው ማወቅ አለብን። ሳያውቁ መፍረድ ለክርስቲያንም ለተማሪም አይገባምና።

1ኛ/ ዊካ ምንድን ነው?

«ዊካ» የሚለው ቃል ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የተወሰደ ነው። ሃይማኖቱ ግን እንደ ስሙ ጥንታዊ አይደለም። በሰፊው ያስተዋወቀው ጄራልድ ጋርድነር (1884–1964) የተባለ እንግሊዛዊ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሰው ብዙ ዘመን በእስያ ኖሮ፥ በማላያ በጉምሩክ መሥሪያ ቤት አገልግሎ፥ በጡረታ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1939 ኒው ፎረስት በሚባለው የደቡብ እንግሊዝ አካባቢ የጥንቱን ሥርዓት ጠብቆ ከኖረ ቡድን ጋር እንደ ተቀላቀለ ይናገር ነበር። በእንግሊዝ በ1735 የወጣው የጥንቆላ ሕግ በ1951 ከተሻረ በኋላ፥ በ1954 ስለዚህ እምነት መጽሐፍ አሳተመ። ዶሪን ቫሊየንቲ የምትባል ሴት ደግሞ በ1953 ገብታ ብዙውን የጸሎታቸውን ቃል እንደገና ጻፈችላቸው። ከዚያም በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የታሪክ ምሁሩ ሮናልድ ሃተን በ1999 ባወጣው ሰፊ ጥናት፥ ሥርዓቱ ከክርስትና በፊት ጀምሮ ሳይቋረጥ የወረደ ሳይሆን የዘመናችን ሥራ መሆኑን አስረድቷል። ከራሳቸው መካከልም ብዙዎች ይህን ተቀብለዋል።

ተከታዮቹ ባብዛኛው አንዲት እንስት አምላክና አንድ ወንድ አምላክ ያመልካሉ፤ ፍጥረትን ያከብራሉ፤ በዓመት ስምንት በዓላት ያከብራሉ፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊትም ይሰበሰባሉ። በሁሉም ላይ የተሾመ አንድ አለቃ የላቸውም። ማንንም አትጉዳ የሚል መመሪያ አላቸው። ሰይጣንን ያመልካሉ የሚባለውን አጥብቀው ይክዳሉ፤ በትምህርታቸው ውስጥ ሰይጣን የሚባል የለምና። በአሜሪካ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1986 ዊካ በሕግ ፊት ሃይማኖት ነው ብሏል። በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 13,000 ያህል ሰዎች ሃይማኖታችን ዊካ ነው ብለው ጽፈዋል።

2ኛ/ የክበቡ ሥርዓትና ደንብ

ክበብ የምንለው እንደ ተማሪዎች ማኅበር ያለ አይደለም። መሬት ላይ የሚከበብ ቦታ ነው። ቋሚ ቤተ መቅደስ የሌላቸው ስለሆነ በሳሎንም ሆነ በጓሮ ወይም በጫካ ቦታውን በየጊዜው ይለያሉ። በልማድ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 9 ጫማ ነው፤ ሰው ሲበዛ ይሰፋል። ቡድኖቹ በብዙ ነገር ስለሚለያዩ፥ የሚከተለው በአብዛኛው ዘንድ የሚታወቀውን ነው።

ሀ/ ከመምጣት በፊት። ያልተጠራ አይሄድም፤ የተጠራም ሳያስፈቅድ ሌላ ሰው አያስከትልም። የጋርድነርን መሥመር በጥብቅ የሚከተሉት ሥርዓቱን ላልተቀበለ ሰው ክበባቸውን አይከፍቱም፤ ለእንግዳ የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ የበዓል ክበብ ነው። የሚመጣው ሰው ገላውን ታጥቦ፥ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ሰክሮ መምጣት ነውር ነው። ስለ ልብስም አስቀድሞ ይጠየቃል፤ አንዳንዶች ቀሚስ ይለብሳሉ፥ ሌሎች በዘወትር ልብሳቸው ይቆማሉ፥ ጥቂቶች ደግሞ ራቁታቸውን ያደርጋሉና። እንግዳ ያልፈቀደውን እንዲያደርግ ማስገደድ በእነርሱም ዘንድ የተነቀፈ ነው።

ለ/ ሲገቡ። ሰዓት አክባሪ መሆን የመጀመሪያው ጨዋነት ነው። ክበቡ ከታጠረ በኋላ ዘግይቶ የመጣ ሰው እንደ ፈለገ ዘው አይልም። ስልክ ይዘጋል። በመግቢያው ላይ ጨው የተጨመረበት ውኃ ይረጫል፥ ዕጣን ይታጠናል። መሪዪቱ ወይም መሪው በጩቤ ወይም በበትር ዙሪያውን ያበጃል። ከዚያ አራቱን ማዕዘን ይጠራሉ፦ ምሥራቅን ከነፋስ፥ ደቡብን ከእሳት፥ ምዕራብን ከውኃ፥ ሰሜንን ከምድር ጋር አያይዘው።

ሐ/ በውስጥ። የሚዞሩት ሰዓት እንደሚዞረው ወደ ቀኝ ነው፤ በአውስትራሊያ ግን ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ብዙዎች ወደ ግራ ይዞራሉ። መሥመሩን እንደ ዘበት አያቋርጡም። መውጣት ግድ የሆነበት ሰው ለመሪው ይነግራል፤ መሪውም በጩቤው በር እንደሚከፍት አድርጎ ያስወጣውና መልሶ ይዘጋል። የሰውን የሥርዓት ዕቃ ያለ ፈቃድ መንካት ትልቅ ስድነት ነው። አታሜ የሚሉት ባለ ጥቁር እጄታ ጩቤ በልማድ ምንም ነገር አይቆረጥበትም፤ ለመቁረጫ ሌላ ቢላዋ አላቸው። ወሬ፥ ሳቅ፥ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ በመካከል ጥያቄ መጠየቅ አይፈቀድም። በመጨረሻ የተባረከ ጽዋና ቂጣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ መጠጥ የማይጠጣ ሰው ሳይቀምስ ማሳለፍ ይችላል።

መ/ ከሥርዓቱ በኋላ። የጠሯቸውን ያሰናብታሉ፥ ክበቡን ይፈታሉ፥ ከዚያም እያንዳንዱ ካመጣው ምግብ አብረው ይበላሉ። እንግዳ ባዶ እጁን አለመምጣቱ፥ ዕቃ ማነሣሣቱና ቦታውን ማጽዳቱ ይመሰገንለታል። ከሁሉ በላይ ግን ማን እንደ ነበረና ምን እንደ ተናገረ ለውጭ ሰው አይወራም። በዚህ ምክንያት ሥራውን ወይም የቤተሰቡን ሰላም ያጣ ሰው አለና።

ከእነዚህ ደንቦች አንዱን በተለይ ልብ በሉልኝ። በዊካ ክበብ ውስጥ ተመልካች የሚባል የለም። በቲያትር ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ዳር ቆሞ ማየት አይቻልም፤ መሥመሩን የተሻገረ ሁሉ ከሥርዓቱ ፈጻሚዎች አንዱ ነው ይላሉ። ልቡ ሳይኖር የሚቆም ሰው የሌሎቹንም ሐሳብ ይበትናል ብለው ያምናሉ። ይህን ደንብ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

3ኛ/ በሐሰት አለመመስከር

አሁን ወደ መጀመሪያው ሰው፥ «ጠንቋይ!» ብሎ ወደሚሸሸው እንምጣ። ቅዱስ መጽሐፍ ሟርትንና አስማትን እንደሚከለክል (ዘዳ. 18) የታወቀ ነው፤ ይህን አናለዝብም። ነገር ግን ያው መጽሐፍ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርንም ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ አድርጎ ከልክሏል። ሁለተኛውን የረሳ ክርስቲያን ምን እንደሚያደርስ የሴለም ታሪክ ያስተምረናል።

በ1692 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፥ ሴለም በሚባለው አካባቢ፥ ልጃገረዶች «እገሌና እገሊት በጥንቆላ አሠቃዩን» ብለው ጮኹ። 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌ አልመልስም ስላለ ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ፤ ሌሎችም በእስር ቤት አለቁ። ከተሰቀሉት አንዷ ርብቃ ነርስ የ71 ዓመት አሮጊት፥ የቤተ ክርስቲያን አባል ነበረች። የፍርድ ሸንጎው (ጁሪው) መጀመሪያ ነጻ ናት ብሎ ነበር፤ ጩኸቱ ስለ በረታ ፍርዱን ለወጠ። የተገደሉት የዊካ ተከታዮች አልነበሩም፤ ዊካ ገና አልተፈጠረም። እንደ ከሳሾቻቸው ክርስቲያኖች ነበሩ።

ከአምስት ዓመት በኋላ በ1697፥ ከዳኞቹ አንዱ ሳሙኤል ሱዎል በቦስተን ቤተ ክርስቲያን በጾም ቀን ተነሥቶ ቆመ፤ ጥፋቱን ያመነበት ጽሑፍም በምእመናን ፊት ተነበበ። በ12 ዓመቷ ብዙ ሰው የከሰሰችው አን ፑትናምም በ1706 እንዲሁ በቤተ ክርስቲያን ቆማ ይቅርታ ለመነች። ንስሓቸው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የተሰቀለውን አላስነሣም።

እኛስ? በአገራችን አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን ስንት ዘመን አራቅን! የእርሻ መሣሪያችንን የሠራልንን፥ ድስታችንን ያበጀችልንን ሰው ማዕድ ነፈግን፤ ጋብቻም ከለከልን። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም በዚሁ ስም ብዙ ተንገላተዋል። ስለዚህ «ጠንቋይ» የሚለው ቃል በአፋችን ላይ ቀላል መሆን የለበትም። ያልሰረቀውን ሌባ፥ ያልገደለውን ነፍሰ ገዳይ እንደማንል፥ ሰይጣንን አላመልክም የሚለውን ሰው ሰይጣን አምላኪ ብለን ስሙን ማጥፋት ሐሰት ነው። በእምነቱ አለመስማማት አንድ ነገር ነው፤ ያላደረገውን አደረገ ማለት ሌላ ነገር ነው።

ቅዱስ ጳውሎስን ተመልከቱ። በኤፌሶን ጣዖት አምላክ እንዳልሆነ በግልጽ ሰበከ። ከተማው በታወከ ጊዜ ግን የከተማይቱ ጸሐፊ፥ እርሱ ራሱ የአርጤምስ አምላኪ ሲሆን፥ እነዚህ ሰዎች አምላካችንን አልተሳደቡም ብሎ መሰከረላቸው (ሐዋ. 19)። በዚያው ምዕራፍ የአስማት መጻሕፍት እንደ ተቃጠሉ ተጽፏል፤ ያቃጠሏቸው ግን ባለቤቶቹ አምነው፥ በገዛ እጃቸው ነው። ሐዋርያው የማንንም ቤት አልሰበረም።

4ኛ/ ይሉኝታና ጽዋው

ሁለተኛው ሰው ይሉኝታ ያሸነፈው ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ እንፈተናለን። የቀረበልንን እምቢ ማለት ነውር ሆኖ አድገናል፤ «አይ፥ ብዬ ነው» እያልን ሦስት ጊዜ እንጎርሳለን። ስለዚህ ሰው ወዳጁ በክበቡ ሲጠራው «ምን አለበት? ልቤ እንደሆነ ከአምላኬ ጋር ነው» ብሎ ይገባል።

አለበት! ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10 የጌታን ጽዋና የአጋንንትን ጽዋ በአንድነት መጠጣት እንደማይቻል አስተምሯል። ቃሉ ከበድ ይላል፤ ለእኛ ለቆራቢዎቹ ግን የተጻፈ ነው። ጽዋ መካፈል መጠጥ መጠጣት ብቻ ሳይሆን አንድ መሆን ነው። ይህን ከራሳችን ሥርዓት እናውቀዋለን። አንድ ያላመነ እንግዳ በቅዳሴ ቢገኝ እናከብረዋለን፤ ካህኑ ግን «ደብሮህ እንዳትሄድ ቅመስ» ብሎ ሥጋ ወደሙን አያቀብለውም። የናቀው ስለሆነ አይደለም፤ ጽዋው እውነት ስለሆነ ነው።

አሁን ቅድም ልብ በሉልኝ ወዳልኋችሁ ደንብ እንመለስ። እነርሱም «በክበባችን ተመልካች የለም» ይላሉ። እንግዲያው ይሉኝታ ይዞት የገባ ክርስቲያን ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ በአምላኩ ፊት በሁለት ልብ ይቆማል፥ በወዳጁም ፊት ያስመስላል። ያላመነበትን ቃል እያለ የሚዞር ሰው ባለቤቱን አላከበረም፤ አታለለው እንጂ። የእኛ ሃይማኖትና የእነርሱ ጨዋነት በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ይነግሩናል፦ ካላመንህበት አትግባ።

እምቢ ማለት ግን መሳደብ አይደለም። «ስለ ጠራኸኝ አመሰግናለሁ፤ ክበባችሁ የአምልኮ ቦታ እንደሆነ ስለማውቅ እንደ ትርኢት ላየው አልፈልግም። እኔ የማመልከው አንዱን እግዚአብሔርን ስለሆነ በአምልኮታችሁ መካፈል አልችልም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ቤቴ ቡና አፈላለሁና ና» ብንል፥ የሚቀየም ወዳጅ ያለ አይመስለኝም። እንዲያውም ለጋበዘን ነገር ክብደት መስጠታችንን ያያል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሡ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ።

«ከሥርዓቱ በኋላ ያለው ማዕድስ?» ሐዋርያው በዚያው ምዕራፍ መልሶታል። ያላመነ ሰው ቤቱ ቢጠራህ የቀረበልህን ብላ፤ ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ቢልህ ግን፥ ስለ ነገረህ ሰው ሕሊና ስትል ተው። ስለዚህ በወዳጃችን ቤት በሌላ ቀን እራት መብላት አያስነውርም። በክበቡ የተባረከውን ቂጣና ጽዋ ግን እንተዋለን። (የጾም ቀን ከሆነ ደግሞ ክርክሩ አስቀድሞ አልቋል!)

«ሠርግ ቢሆንስ? ወዳጄ በዚያ ሥርዓት ቢያገባ?» ይህ ከበድ ያለ ነው። ሶርያዊው ንዕማን በእግዚአብሔር ካመነ በኋላ፥ ጌታው በሬሞን ቤት ሲሰግድ እርሱም አብሮ ማጎንበሱ እንደማይቀር ጭንቀቱን ለኤልሳዕ ነገረው፤ ነቢዩም አልዘለፈውም፥ በሰላም አሰናበተው (2ኛ ነገ. 5)። ንዕማን አልሸሸገም፤ ጠየቀ። እኛም እንዲሁ አስቀድመን የንስሓ አባታችንን እንጠይቅ። ለወዳጃችንም «ከክበቡ ውጭ ቆሜ ደስታህን ልካፈል እችላለሁን?» እንበለው። የሚፈቅዱ አሉ፤ ካልተፈቀደም በግብዣው ላይ እንገኛለን። በምንም ቢሆን መሥመራቸውን ረግጦ መግባት፥ በስልክ በስውር ፎቶ ማንሣት፥ ያየነውን ለሳቅ ማውራት የክርስቲያን ሥራ አይደለም።

«ለጥናት ቢሆንስ?» የሃይማኖት ታሪክ የሚማር ወንድም መጻሕፍቱን ያንብብ፥ ሰዎቹን ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ በደስታ ይመልሳሉ። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና መሠዊያዎቻቸውን ተዘዋውሮ ተመልክቷል (ሐዋ. 17)። አላመለከም፥ አልሰደበም፤ ካየው ተነሥቶ አስተማረ።

5ኛ/ ለራሳችን የሚሆን ተግሣጽ

ጌታችን ደጉን ሳምራዊ ምሳሌ አድርጎ አይሁድን ያስተማረው ሳምራውያን በሃይማኖት ትክክል ስለ ነበሩ አይደለም፤ ሰው ከውጭ ሰውም ሊማር ስለሚገባው ነው። በዚህ ዓይን የጻፍሁትን ደንብ መለስ ብላችሁ እዩት።

እነርሱ ክበቡ ከታጠረ በኋላ መድረስን ነውር ይሉታል፤ እኛ ቅዳሴ ገብቶ፥ ወንጌል ተነቦ ካለፈ በኋላ ነጠላችንን እያስተካከልን እንደርሳለን። እነርሱ በሥርዓቱ መካከል ወሬ አይፈቅዱም፤ እኛ በሴቶችም በወንዶችም በኩል ስለ ኪራይና ስለ ፈተና ውጤት እንንሾካሾካለን። እነርሱ መሥመራቸውን ለማለፍ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ እኛ ሙሴ ጫማውን ያወለቀበትን ዓይነት ቅዱስ ቦታ እየረገጥን ስልካችን ይጮኻል። እነርሱ በክበብ የሰሙትን ምሥጢር ይጠብቃሉ፤ በእኛ ጉባኤ አንዲት እኅት ችግሯን ብትናገር ማክሰኞ ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። እነርሱ ለሰዓታት ለሚቆይ ክበብ ገላቸውን ታጥበው ይመጣሉ፤ እኛ ለዘለዓለም ሕይወት መድኃኒት ሳንዘጋጅ እንቀርባለን፥ ወይም ከነጭራሹ አንቀርብም።

ይህን የምለው ሥርዓታቸው ከሥርዓታችን ይበልጣል ለማለት አይደለም። የያዝነው ይበልጣል ብለን የምናምን ከሆነ፥ አያያዛችን ሊያንስ አይገባም ለማለት ነው። ወዳጃችን እሑድ ቡና ሊጠጣ መጥቶ «እስቲ ቤተ ክርስቲያናችሁን አሳየኝ» ቢል ምን ያያል? ያኔ እንግዳው እርሱ ነው፤ ጫማውን የት እንደሚያወልቅ፥ በየት በኩል እንደሚቆም፥ ለምን ወደ ቁርባን እንደማይቀርብ በትሕትና የምንነግረው እኛ ነን። በእርሱ ደጃፍ ላይ እንድንከበር የምንሻውን ያህል በእኛ ደጃፍ ላይ እናክብረው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ሦስት ነገር ይዘን እንለያይ። በሰው ላይ በሐሰት አንመስክር። በይሉኝታ አምልኮታችንን አንከፋፍል። በራሳችን መቅደስ በፍርሃትና በጊዜ እንቁም። እንደዚህ ያደረገ ሰው በእንግሊዝም ይሁን በአሜሪካ፥ እምነቱም ወዳጅነቱም አይጠፋበትም።

የአባቶቻችን አምላክ በስደት ያሉትን ወገኖቻችንን በሃይማኖት ያጽናልን፤ ለእኛም የምናውቀውን የምንሠራበት ልብ ይስጠን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።